ጆሮው አረንጓዴ ድስት

«ሞቷል ካልሽ ታዲያ የት ተቀበረ?»

የሴቶች እድሩ ሰብሳቢ እትዬ ሐረገወይን እመቤትን ይህን የጠየቀቻት በእመቤት ደጃፍ ላይ፣ ከዕቃ ጋሪው ጎን ቆማ ነበር። ጋሪው ላይ የሴቶች እድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ድስቶች ተጭነዋል። ጋሪ ነጂው ልጓሙን ይዞ አንዴ ሰብሳቢዋን፣ አንዴ እመቤትን ያያል። እመቤት የምታውቀው ባሏ ደምሴ ሽንኩርት የጫነ መኪና ላይ ወጥቶ አጣዬ ገበያ እንደሄደ፣ በዚያው ሰሞን አጣዬ እንደተቃጠለች፣ አብረውት የነበሩት ጫኞች በእግራቸው ሲመለሱ እሱ እንዳልተመለሰ፣ ከዚያም አንድ መንገደኛ መናኸሪያ ላይ «ደምሴ የሚሉት አልፏል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብሎ መንገዱን እንደቀጠለ ብቻ ነው። የት ተቀበረ? ማን አፈር አለበሰው? ሐረገወይን «ሕጉ ሬሳ ወይም መቃብር ነው የሚለው፣ ልጄ። ነገ ቢመጣስ? በቁሙ ድንኳን ተክለን እናሟርትበት?» አለችና ለጋሪ ነጂው በእጇ ምልክት ሰጠችው። በሯ ድረስ የመጣው ጋሪ ተመለሰ። ጠባቡ መንገድ ላይ ለመዞር ሲታገል ድስቶቹ እርስ በርስ ተንኳኩ፤ ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ወጥቶ አየ።

ያን ቀን ከእድሩ ሴቶች ራሕማ ብቻ አልተመለሰችም። ጋሪው ሲሄድ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ባሏ ማሾ የሚያሰጣበትን ሰማያዊ ሸራ ጠቅልላ አመጣች፤ አንዱን ጫፍ ካጥሩ፣ ሌላውን ከኒሙ ዛፍ አስራ «በይ ጥላው ስር ግቢና አልቅሺ» አለቻት። ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ የአጣዬ ዲያቆን ደምሴን ከሌሎች ጋር የቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ነገራት። እመቤት እየሮጠች ሄደች። «መቃብሩ ተገኘ፣ እትዬ ሐረግ!» ሐረገወይን ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «ነፍሱን ይማር። ለቅሶ ግን ወቅት አለው፤ ያለፈውን ሁሉ እንትከል ካልን መቼ ልንነቅል ነው?» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ እመቤት በአፏ አንቱ እያለች ጎንበስ ብላ ትሳለማታለች፤ በልቧ ግን አንቺ ነው የምትላት። የጎልማሶች ትምህርት የጀመረችውም በእሷ ምክንያት ነው። «ተጽፏል» ሲሏት ዝም ማለቷ አንገብግቧት ነበር። ሰው ሲጠይቃት የልጄን ደብተር ላይበት ብዬ ነው ትላለች፤ እሱም ውሸት አይደለም፤ ልጇ ሐይማኖት ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ናት፣ ስልኳ አንድ ቀን ከጠፋ እመቤት እንቅልፍ አይወስዳትም፣ መልእክት ማንበብ ፈልጋ ነበር። ግን ፊደል ለይታ ቃል መግጠም በቻለች ሰሞን መጀመሪያ የሄደችው የእድሩ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሕግ ዘንድ ነው። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሬሳ ወይም መቃብር ይላል። ልክ ሐረገወይን እንዳለችው። እመቤት ውሸታም ሆና ብታገኛት በወደደች። ሕጉ ላይ ሙጭጭ ያለች እውነተኛ ሆና ስታገኛት ጥላቻዋ መሄጃ አጣ፤ እዚያው ተቀመጠ።

ዛሬ እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰብሳቢ ይመረጣል።

የሟች ባሏ እህት ሰብለ ገና በጠዋቱ ለሰርግ እንደተጠራች ሴት ታጥባና ተቀብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ የሚኖሩባት ክፍል አንድ ናት። በመጋረጃ ከሁለት ተከፍላለች፤ ከወዲህ አልጋ፣ ከወዲያ የሽንኩርት ማዳበሪያ። ቆርቆሮው ገና በሦስት ሰዓት መጋል ይጀምራል፤ ያቺ የፕላስቲክ ማራገቢያ መብራት ሲኖርም አየሩን ከማማሰል በቀር የምትፈይደው የለም። ኪራዩ ባለፈው ጥቅምት ሲጨምር ሰብለ መጥታ አብራት መኖር ጀመረች። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይሸጣሉ፤ ስለ ደምሴ ግን አያወሩም። ፎቶው በግድግዳው ላይ ከመጋረጃው መጋጠሚያ በላይ ነው የተሰቀለው፤ የአንዷ ብቻ እንዳይሆን።

«ነጠላሽን አልተኮስሽም?» አለች ሰብለ።

«ለስብሰባ ነው እኮ።»

«ምን ስብሰባ! ዛሬ የሐረገወይን ተዝካር ነው። እንዴት እንደምትወርድ ላይ ብዬ ቅዳሴ ቀረሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።» መስታወቷን ዘቅዝቃ ጥርሷን አየች። «የወንድሜን ድንኳን ከበር የመለሰች ሴት! አንቺ ግን ምን ሆነሻል? ሳምንቱን ሙሉ ጥርስሽን እንዳመመሽ ሰው ነሽ።»

«ሙቀቱ ነው» አለች እመቤት። ሙቀቱ አልነበረም።

እድሩ የክርስቲያንም የሙስሊምም ነው። ድስቶቹ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ ድስቶቹ ገና ሲገዙ ተለይተዋል፤ ጆሯቸው አረንጓዴ የተቀባው የሙስሊም፣ ጆሯቸው ሰማያዊ የተቀባው የክርስቲያን። ቁልፉ ሐረገወይን ዘንድ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ራሷ ከፍታ፣ ቀለሙን አይታ ትሰጣለች። ባለፈው ሳምንት የራሕማ እናት እማ ሰይዳ ሲሞቱም እንደዚያው አደረገች። በሦስተኛው ቀን ዱዓ ተደርጎ፣ ሰደቃው ተበልቶ፣ ድስት ሲታጠብ የራሕማ የአጎት ልጅ ፈይዛ እጇ ቆመ። ድስቱ ወገቡ ላይ ሰርጉዷል። ፈይዛ ሰርጓዳውን ታውቀዋለች፤ ጋሽ ካሳሁን የሚባሉት ጎረቤት ተዝካር ላይ ውሃ ስታቀርብ ውላ፣ ይኸው ድስት የበግ ወጥ እንደያዘ ከባጃጅ ሲወድቅ በዓይኗ አይታለች። «ይሄ የክርስቲያን ድስት ነው!» አለች። ጆሮው ግን አረንጓዴ ነው። አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከትተው ለማስመለስ ሞከሩ። ሳያውቁ የበሉት ኃጢአት እንደሌለው አንድ ሸህ መጥተው አስረዱ፤ ራሕማ ግን ድስቱን አቅፋ፣ እናቷ ለሁለተኛ ጊዜ የሞቱባት ያህል አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ ሐረገወይን ወይ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ወይ ሆን ብላ ነው።

እመቤት የትኛውም እንዳልሆነ ታውቃለች። ከእማ ሰይዳ ሞት ትንሽ ቀደም ብሎ እድሩን ሊረዱ የፈለጉ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። እንግዶቹን የጋበዘችው ዮርዳኖስ ናት፤ በመንገዱ ዳር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት፣ እድሩ ተመዝግቦ አዳራሽ ይሥራ የምትል፣ ሰብሳቢነቱንም በግልጽ የምትፈልግ ሴት። ያን ቀን ሐረገወይን ወደ ገጠር ለቅሶ ሄዳ ቁልፉን ለጸሐፊዋ ትታ ነበር። ዮርዳኖስ ሴቶቹን ሰብስባ ዕቃ ቤቱን አስከፈተችና ድስቶቹን በአሸዋና በሽቦ አስፈተገች። እንደ መስታወት አበሩ፤ ከጥቀርሻው ጋር ግን ቀለማቸው ለቀቀ። እንግዶቹ ጣርማ በርን አልፈው ወደ ቆላው እየወረዱ ነው ተብሎ ሲደወል ዮርዳኖስ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም አስመጣችና ጎን ለጎን የተደረደሩትን ድስቶች ግማሹን አረንጓዴ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀባቻቸው። የፈተጉት ሴቶች ልብስ ሊለውጡ ሄደው፣ ከእሷ ጋር የቀረችው ውሃ ታቀርብ የነበረችው እመቤት ብቻ ነበረች። «ለይተሻቸዋል ግን?» አለቻት። ዮርዳኖስ ብሩሹን ሳታቆም፣ «ታጥቧል እኮ፣ እሙዬ። ደግሞ ሲቀባ መቼ ወንጌልና ቁርኣን አነበበ? ድስት ነው» ብላ ሳቀች። የሚያስቅ ነበርና እመቤትም ሳቀች።

ሳምንቱን ሙሉ ያመማት ይህ ነው። እውነቱን ብትናገር ሐረገወይን ትድናለች። ዝም ካለች ሐረገወይን ትወድቃለች፤ ያውም ባልሠራችው። ይኸኛው ነበር የሚጥማት። ሌሊት ሲመጣባት ታባርረዋለች፤ ጠዋት ሽንኩርት ስትለቅም ተመልሶ ይመጣል። እኔስ በምን ጥፋቴ ነበር? ትላለች። እስቲ እሷም ሳታጠፋ ትቅመሰው።

መናኸሪያው ዳር ሽንኩርቷን ዘርግታ ገና ሁለት ኪሎ ሳትሸጥ ዮርዳኖስ ከባጃጅ ወረደች። «ስንት ነው ዛሬ?» አለች፣ መልሱን ሳትጠብቅም ከመደቡ ጎን ቁጢጥ አለች። ቀይ ሽንኩርት ሰማንያ፣ ቲማቲም ሃምሳ ነው። አንድ ሾፌር ከደሴው አውቶቡስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሰማንያ? ወርቅ ነው የምትሸጪው?» ብሎ ይጮኻል፤ ሰብለ «ወርቅማ ቢሆን አንተን አያስለቅስህም!» ትለዋለች፤ ረዳቱ ይስቃል። ዮርዳኖስ ጫጫታው እስኪያልፍ ጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መጀመሪያ የማደርገው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያንን አንቀጽ መሰረዝ። ሬሳ ተገኘ አልተገኘ፣ ሰው ሞተብኝ ያለች ሴት ድንኳኗ ይተከላል። ለደምሴም እንተክላለን። በስሙ። ሁሉም ባለበት።»

እመቤት ሽንኩርቱን መደርደር አቆመች። ይህን ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቀች!

«የቀለሙ ነገር ግን» አለች ዮርዳኖስ፣ «አሁን መነሳት የለበትም። ከምርጫው በኋላ እኔው በዘዴ አስተካክለዋለሁ፤ አዳዲስ ድስት እንገዛለን። አሁን ከተነሳ ያቺ አሮጊት ትድናለች። መዳን አለባት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች እመቤት።

«በይ ቁልፉን አምጪልኝ። አግዳሚ ወንበር ማውጣት አለብን፤ እኔ ብሄድ አትሰጠኝም።» ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስመዝና፣ መልሱን ሳትቀበል ሄደች። በዚያው ቅጽበት ራሕማ ከመንገዱ ማዶ ስታልፍ እመቤት አየቻት። ሐዘን የጎዳው ፊቷን በጥቁር ሻሽ ሸፍናለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንቺ ሰነፍ፣ ዛሬም ሽንኩርትሽን በፀሐይ ታበስይዋለሽ?» ብላ ትሻገር ነበር። ዛሬ በእጇ ብቻ ሰላም ብላ አለፈች። እመቤት አልጠራቻትም፤ ሽንኩርቷን መደርደር ቀጠለች።

የሐረገወይን ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ድሮ ለሾፌሮች ምግብ ትሸጥበት የነበረው ሰፊ ክፍል አሁን ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ የወጥ ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ ብቻ ቀርቷል፤ ዋጋውም አሁን ሰው ሲያነበው የሚስቅበት ነው። እመቤት ስትገባ አሮጊቷ በመስኮቱ ብርሃን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የክር ኳሶች ቅርጫት አለ። አንዱን ታነሳለች፣ ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፣ ታርቃለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። እመቤት ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት።

«ነይ እስቲ» አለቻት ሐረገወይን፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጣት። «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«አረንጓዴ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄስ?»

«ሰማያዊ።»

«እኔም እንደዚያው ነው የሚታየኝ!» ኳሱን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። «እኔ እኮ አይቼ ነው የሰጠሁት። በእጄ ዳብሼ፣ አረንጓዴ ብዬ፣ አንድ ሁለት ብዬ ነው ያወጣሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ስሰጥ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ለካ ዓይን እንዲህ ነው የሚከዳው? ሳይነግርሽ? ቀን ቀን ደህና እየመሰለሽ?»

እመቤት በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ሴትዮዋ ፈርታለች። ያቺ ጋሪ በእጇ ምልክት የምትመልስ ሴት፣ የክር ኳስ ይዛ ዓይኗን እየፈተነች ነው። እመቤት ደረቷ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ሲሰራጭ ተሰማት፤ የጾም ቀን አልፎ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጠች ነበር የጣፈጣት። አንድ ቃል ብትናገር ፍርሃቷ ያልቃል። አልተናገረችም።

«ዕድሜ ነው፣ እትዬ» አለቻት ይልቅ። «ሐኪም ይዩት።»

ሐረገወይን ራሷን ነቀነቀች። ከአንገቷ ቁልፉን አውጥታ ያዘችው እንጂ አልሰጠቻትም። «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ፣ አይደል? አልፈርድብሽም። የባልሽ ነገር ሆድሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።»

እመቤት አሁን ይቅርታ ልትለኝ ነው ብላ አሰበች፤ ይቅርታ ብትላት ምን እንደምታደርግ አላወቀችም፤ ፈራችም።

«ግን ዛሬም ብትጠይቂኝ ያንኑ ነው የምልሽ» አለች ሐረገወይን። «በዚያ ሰሞን ከአጣዬ ሞተ የተባለ ስንት ሰው በእግሩ መጣ? የመስፍንን ቤት ረሳሽው? ሚስቱ ጥቁር ለብሳ፣ ደረቷን ደቅታ፣ እሱ በሦስተኛው ሳምንት ከጫካ ወጥቶ በሯን አንኳኳ። ለአንቺ ከተከልኩ ለሁሉም ነው የምተክለው። ሕግ ለአንዷ ሲያዝን ሌላዋን ይበድላል። አለቀ።»

«ደምሴ ግን አልመጣም» አለች እመቤት።

«አልመጣም» አለች ሐረገወይን። «ነፍሱን ይማረው።» ቁልፉንም ሰጠቻት።

እመቤት በመንገዱ ላይ ቁልፉ እጇ ውስጥ እስኪያልባት ጨብጣው ሄደች። ቆርጣለች። ትውደቅ። እንኳን ላድናት፣ ጣቴንም አላነሳላትም። እንደዚህ አለ ልቧ፤ እግሯም ፈጠነ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የኒም ጥላ ስር ተሰበሰቡ። ምርጫውን እንዲያካሂዱ የወንዶቹ እድር ዳኛ ጋሽ ሽፈራው ተጠርተዋል፤ ኮታቸውን በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈው በመሀረብ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሙስሊሞቹ ሴቶች አንድ ላይ፣ በስተቀኝ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድሮ እንዲህ ተለይተው አይቀመጡም ነበር፤ ራሕማ ሁልጊዜ እመቤት አጠገብ ነበር የምትቀመጠው።

ዮርዳኖስ ተነስታ ተናገረች። ጥሩ ተናጋሪ ናት። ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምዝገባው፣ ድንኳን ስለተከለከሉ ሴቶች ተናገረች፤ እዚህ ላይ ዓይኗ እመቤትን ፈለገ፣ ሌሎቹም ዞረው አዩዋት። በመጨረሻ፣ «የእማ ሰይዳን ሰደቃ ያበላሸ እጅ ዳግመኛ የዚህን ቤት ቁልፍ መያዝ የለበትም» አለች። እልልታ ተሰማ። ሐረገወይን ለመናገር ስትነሳ አንዲት ከኋላ «መነጽር አድርጊ!» አለች፤ ሌላዋ «ድስቱን ካላየች ሰውንም አታይ!» አለች፤ ሳቅ ሆነ። ሐረገወይን «ያየሁት አረንጓዴ ነበር» ብቻ ብላ ተቀመጠች።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ «ወይዘሮ ሐረገወይን ትቀጥል የምትሉ በዚህ፣ ዮርዳኖስ ትሁን የምትሉ በዚያ፣ ከየሰዎቹ ኋላ ተሰለፉ። ግፊያ የለም፤ ዳቦ አይደለም።» ሴቶቹ ተነሱ። ሰብለ የእመቤትን ክንድ ይዛ እየጎተተች ከዮርዳኖስ ኋላ ቆመች። ሰልፉ ረዝሞ እስከ ዕቃ ቤቱ በር ደረሰ። ከሐረገወይን ኋላ የቆሙት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም ለጥላው ብላ የመጣች ትመስላለች። ሙስሊሞቹ ሴቶች ከምንጣፋቸው አልተነሱም። ጋሽ ሽፈራው ቆጥረው ዮርዳኖስ መመረጧን ተናገሩ። ሐረገወይን አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች፤ እጇ ግን የነጠላዋን ጫፍ ይጠቀልላል፣ መልሶ ይፈታል። እመቤት ያንን እጅ አየችው። በደንብ አየችው። ጠግባ አየችው። ሰብለ ጆሮዋ ላይ «ደምሴ ይኸው ደምህ ተመለሰ» አለች፤ እመቤትም አዎ አለች።

ያን ጊዜ ራሕማ ተነሳች።

«እኛ ከማንም ጋር ጥል የለንም» አለች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተሰንጥቋል። «የፈለጋችሁትን ሹሙ፤ አላህ ያሳምርላችሁ። ግን እናቴን የምቀብራት አንድ ጊዜ ነው። ሰደቃዋንም አንድ ጊዜ ነው ያወጣሁላት። ወላሂ ስህተት ነው ብትሉኝ እችለው ነበር። ሆን ተብሎ ነው እያላችሁ ነው። ሆን ተብሎ ከሆነ ከዛሬ በኋላ ከማን ጋር ነው አብሬ የምበላው? የየራሳችንን እንያዝ። ከዛሬ ጀምሮ ወጥተናል።»

ዮርዳኖስ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደደረቀ፣ «ራሕማዬ፣ ተይ እንነጋገራለን፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው» ለማለት ሞከረች። ሴቶቹ ምንጣፉን መጠቅለል ጀምረዋል። እመቤት ከሰልፉ መውጣቷን ያወቀችው የሰብለ እጅ ከክንዷ ሲላቀቅ ነው።

«ሆን ተብሎ አይደለም» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ አንብቢ ሲሏት እንደምታደርገው፣ ቃል በቃል እየለየች ተናገረች።

«ድስቶቹ ሲፈተጉ ቀለማቸው ለቆ ነበር። እንግዶቹ የመጡ ቀን። ዮርዳኖስ ናት መልሳ የቀባቻቸው። የትኛው የማን እንደነበር አልለየችም። እትዬ ሐረግ ያዩት አረንጓዴ ነው፤ ልክ ናቸው።»

«እና አንቺ የት ነበርሽ?» ዮርዳኖስ ጮኸች። ፊቷ ቀላ። «ቆርቆሮውን ማን ነው የያዘልኝ? አብረሽኝ አልሳቅሽም? ለክፋት ነው እንዴ የቀባሁት? ለእድሩ ብዬ ነው!»

«ይዤልሻለሁ። ስቄያለሁም።»

ፈይዛ ምንጣፉን ጥላ መጣች። «ይሄን እያወቅሽ ነው ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያልሽው? ያቺ አሮጊት ጣቷን ጉሮሮዋ ከትታ ስታስመልስ፣ አንቺ እዚያው ግቢ ነበርሽ!»

«አዎ።»

«ለምን?»

እመቤት ብዙ መልስ ነበራት። ፈርቼ ነው ማለት ትችላለች፤ እርግጠኛ አልነበርኩም ማለትም ትችላለች። ሐረገወይንን አየች።

«እሷ ስትወድቅ ማየት ፈልጌ ነው» አለች። «መጀመሪያ እሷ ትውደቅ ብዬ ነው።»

ከኋላ አንዲት «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለች፤ የሳቀ ግን የለም። ሰብለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐረገወይን ባለችበት ቆማ እጆቿን አንስታ፣ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ኒሙ ቅጠል ቀና አለች። «እንግዲያው ዓይኔ ደህና ነዋ» አለች፣ ለማንም አይደለም። እመቤትን አላመሰገነቻትም፤ አልተቆጣቻትምም።

ራሕማ ተጠጋች። እመቤት እንድትመታት ጠበቀች፤ ብትመታት በወደደች። ራሕማ ግን እጇን እንኳ አላነሳችም። ከቅርብ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ነበር የተናገረችው።

«የሞተችው የኔ እናት ናት፣ እመቤት። የሐረገወይን እናት አይደለችም።»

ራሕማ ይህን ብላ ወደ ምንጣፉ ተመለሰች።

ጋሽ ሽፈራው መሀረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቆጠራው ተመዝግቧል፣ ቅሬታ ያለው በሚቀጥለው ወር ያቅርብ አሉ። ዮርዳኖስ ጥግ ይዛ ከሁለት ሴቶች ጋር ትነጋገራለች፤ አንዷ ትቆጣታለች፣ አንዷ ታባብላታለች። አንዲት ሴት ደግሞ የዕቃ ቤቱን በር ከፍታ፣ ለሙስሊሞቹ ሴቶች «ድርሻችሁን ድስት ውሰዱ እንጂ» አለቻቸው። ፈይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ድስቶቹ ተደርድረዋል፤ ያበራሉ፤ ጆሯቸው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው። አንዱን አነሳች፣ ገለበጠች፣ ሌላውን አነሳች። ሰርጓዳ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉም አንድ ናቸው። ባዶ እጇን ወጣች።

«የትኛው የኛ እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለች።

ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ተሸክመው ወደ መንገዱ ወጡ። ራሕማ ከፊት ነበረች። እመቤት ስሟን ጠራቻት፤ አልዞረችም። ጠጠሩ ላይ የጫማቸው ድምፅ እየራቀ ሄደ፤ አንድ ሲኖትራክ አልፎ አቧራውን ሲያነሳ ጨርሶ አልታዩም።

ሙስሊሞቹ ሴቶች አንዲትም ሳትቀር ወጡ። ዮርዳኖስ ሰብሳቢ ሆና ቀረች። ሐረገወይን ቀረች፤ ሰብለም ቀረች። እመቤትም ከእነሱ ጋር ቀረች።